ከፍ ብሎ የታሰረው ካሜራ

አባቴ ካሜራውን ዛፉ ላይ ሲያስር ቀበቶውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በረዶው ገና መቅለጡ ስለነበር የጫካው ጭቃ ጫማዬን እየመጠጠ ያስቀርብኛል፤ አባቴ ግን ሲራመድ ቅጠል እንኳ አይንኮሻኮሽም። ስሙ ዴልማር ነው። በእኛ አካባቢ፣ በአሜሪካ ኦዛርክ ኮረብቶች፣ የዱር ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ወፍ በቀስት በመግደል የሚስተካከለው የለም ይባልለት ነበር፤ እኔም ከማንም በላይ አምን ነበር።

ካሜራው ጡብ የሚያክል፣ የዛፍ ቅርፊት የተሳለበት ሣጥን ነው። በፊቱ ነፍስ ያለው ነገር ባለፈ ቁጥር ማንም ሳይነካው ፎቶ ያነሣል። አባቴ ግንዱ ላይ ከራሴ በላይ ከፍ አድርጎ ሲያስረው ዝም ማለት አቃተኝ።

«አባዬ፣ በጣም ከፍ አደረግከው እኮ። አጎት ኦርቪል ለተርኪ ከጉልበት አይለፍ ነው ያለው።»

«ኦርቪል ካሜራውን ይሽጥ፤ ማሰሩን ለእኔ ይተውልኝ።»

«ደሞ ወደ ሰሜን ይዙር ብሏል። እንዲህ ከሆነ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ፎቶው ነጭ ይሆናል።»

«አጋዘንም እንዲያነሣልን ብዬ ነው፣ ሚጣ።» ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ ደፋብኝና ሳቀ። «አንቺ ልጅ ስታድጊ ጠበቃ ነው የሚወጣሽ።»

ካሜራው የሚያየው ሸንተረሩን አቋርጣ ወደ ጎረቤታችን ወደ ጁዋኒታ ቤት የምትወርደውን ቀጭን መንገድ ነበር። ተርኪዎቹ ጠዋት ጠዋት ከዛፍ ወርደው የሚንጎራደዱበት መስክ ከካሜራው ጀርባ ቀረ። ይህንንም አይቻለሁ። ግን ጠበቃ ስለተባልኩ ደስ ብሎኝ ነበርና ምንም አልጨመርኩም።

እናቴ ግሌንዳ መኪና መንዳት ትችል ነበር። ቁልፉ ግን ሁልጊዜ አባቴ ኪስ ውስጥ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ስለሚሳሳላት ነው ብዬ አስብ ነበር። ማን እንደነገረኝ አላስታውስም፤ እሱ ራሱ ይሆናል። ስፕሪንግፊልድ ከተማ ካለችው እህቷ ጋር በስልክ ስታወራ አጠገቧ ቆሞ ጆሮውን ስልኩ ላይ ያስጠጋል። እኔም ተሯሩጬ እለጠፍባቸውና ሦስታችን በአንድ ስልክ ተጣብቀን እንቆማለን። የሚዋደዱ ሰዎች ቤት እንዲህ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

በረዶው ሳይቀልጥ፣ ክረምቱን ሙሉ፣ አባቴ የልጅ ቀስት ገዝቶልኝ ከጎተራው ጀርባ በጭድ እስር ላይ ያለማምደኝ ነበር። በጠመንጃ ተርኪ መግደል ለእሱ ከሱቅ ሄዶ ሥጋ ከመግዛት አይለይም። ቀስት ግን ሌላ ነው። ለመልቀቅ መጀመሪያ መሳብ አለ፤ ስትስብ ክንድህ ይንቀሳቀሳል፤ ተርኪ ደግሞ ሽፋሽፍትህ ሲርገበገብ እንኳ የሚያይ ወፍ ነው። ስለዚህ አዳኙ ያለችው አንዲት አፍታ ብቻ ናት። አውራው ለሴቶቹ ሊታይ ጭራውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ሲንጎራደድ ይዞርና ጀርባውን ይሰጣል። ያኔ የገዛ ጭራው ዓይኑን ይጋርደዋል።

«ያኔ ነው የምትስቢው» ይለኝ ነበር፣ ከኋላዬ ሆኖ ክርኔን ቀና እያደረገ። «ያኔ ያልሳበ ሰው አዳኝ አይባልም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ይይ።»

የዚያን ዓመት አውራ እንደ ወረዳው ፖሊስ አዛዥ ሸሪፉ ብለን ስም አውጥተንለት ነበር። ደረቱ ላይ የሚንጠለጠለው ጢም መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። ሲጮኽ ከወጥ ቤት ይሰማናል፤ አባቴ ማንኪያውን አየር ላይ አቁሞ ያዳምጠውና «ሰማሽው፣ የእኔና ያንቺ ነው» ይለኛል። ከሸሪፉ በቀር ምንም ነገር አላስብም ነበር። ትምህርት ቤት ደብተሬ ዳር ላይ የምሥለው እሱን ነው።

ሚያዝያ ሲገባ እናቴ እንጉዳይ መልቀም ጀመረች። እንጉዳይና ተርኪ በእኛ ዘንድ በአንድ ሰሞን ነው የሚደርሱት። እኔን ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ከሰጠች በኋላ፣ አባቴም ወደ እንጨት መሰንጠቂያው ከሄደ በኋላ፣ ከረጢቷን ይዛ ሸንተረሩን ትወጣለች። ማታ ላይ ጥቂት እንጉዳይ በቅቤ ጠብሳ ታቀርባለች፤ አንዳንድ ቀን እሱም የለም።

«እናትሽ አልቻለችበትም» አለኝ አባቴ እራት ላይ። «ያንን ሁሉ ዳገት ወጥታ ለአንድ ሰው ጉርሻ አታመጣም።»

«ዘንድሮ ዝናቡ አነሰ» አለች ቀና ሳትል።

በዚያው ሰሞን ሐምራዊው ካፖርቴ ጠፋ። ብርዱ አልፏል፤ ግን የምወደው ካፖርት ስለነበር ቤቱን አተራመስኩት።

«ጠቦሽ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት» አለችኝ እናቴ።

«አልጠበበኝም! ይሄው ከገና በፊት የተገዛ!»

አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መብላቱን ቀጠለ። ለእኔ አዝኖ መሰለኝ።

ቤታችን ኮምፒውተር ስላልነበረ የካሜራውን ካርድ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኦርቪል ሱቅ ይዘን እንሄድ ነበር። ኦርቪል ዘመዴ አይደለም። የከብት መኖ፣ ፍላጻ፣ ጥይትና የዓሣ ማጥመጃ ትል የሚሸጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጎት ይለዋል። ያን ቀን ቨርል የሚባለው የወተት ላም አርቢም ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ቨርል የሌለበት ቅዳሜ አልነበረም።

ኦርቪል ካርዱን ከቶ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ያሳልፋል። የአጋዘን ጆሮ። ራኩን የሚሉት ድመት የሚያክል አውሬ። ከዚያ ባዶ ነጭ።

«አልነገርኩህም?» አልኩት አባቴን። «ፀሐይዋ ናት!»

«ልጅቷ ከአንተ ትሻላለች፣ ዴልማር» አለ ቨርል።

ቀጥሎ የመጣው እናቴ ናት። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ቢጫ ሻርቧን አስራ፣ ከረጢቷን በትከሻዋ አድርጋ ዳገቱን ትወጣለች። ከረጢቱ የሞላ ነው። ኦርቪል ቶሎ አሳለፈው።

«መልሰው» አለ አባቴ።

«ግሌንዳ ናት እኮ፤ ምን ያደርግልሃል?»

«መልሰው አልኩህ፣ ኦርቪል።»

መለሰው። አባቴ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት አስጠግቶ ከፎቶው ሥር የሠፈረውን ቀንና ሰዓት አነበበ። ከዚያ ሌሎቹንም እንዲያመጣለት አዘዘው። እናቴ ስትወጣ፤ እናቴ ባዶ ከረጢት ይዛ ስትወርድ፤ እንደገና ስትወጣ።

«ማክሰኞና ሐሙስ» አለ አባቴ ለራሱ።

«እንጉዳዩ የሥራ ቀን መርጦ ነው እንዴ የሚበቅለው?» አለ ቨርል፣ ከአባቴ ፊት መልስ እየፈለገ።

በዚህ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ማለትም የገባኝ መሰለኝ። አባቴ ፊቱ የጠቆረው እናቴ በየጊዜው እዚያ እየወጣች ተርኪዎቹን ስለምታስበረግግ ነው። «ሸሪፉን የምታባርርብን እማዬ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ቨርል ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባቴም ከሱ ቀጥሎ ሳቀ፤ እጁን አንገቴ ላይ አድርጎ «አያችሁ? ዓይን ያላት ልጅ» አለ። በዚያ ሱቅ ውስጥ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ኦርቪል አልሳቀም። ከረሜላ ከማሰሮው አውጥቶ ሰጠኝና «ሂጂ ጫጩቶቹን እያቸው፣ ዛሬ አዲስ መጥተዋል» አለኝ። ጫጩቶቹ ጋ ተንበርክኬ የሰማሁት ቁርጥራጭ ብቻ ነው። «… እቤትህ ተነጋገሩ» ይላል ኦርቪል። «ማን ተቆጣ? ምን ተቆጣሁ?» ይላል አባቴ። «የአደን ወቅት ነው፤ አደን ላይ ነኝ።»

የማክሰኞ ለት ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሰኝ። ትምህርት ቤት እንደማልሄድ ሲነግረኝ ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ።

«ለእማዬ ልንገራት?»

«ተኝታለች፤ አትቀስቅሻት። አውቶቡስ ጋ እኔ አደርስሻለሁ ብያታለሁ።»

መሸመቂያ ድንኳኑን ማታውኑ ተክሎት ነበር። ስገባ መጀመሪያ ያሳሰበኝ የመስኮቱ አቅጣጫ ነው። ወደ መስኩ ሳይሆን ወደ መንገዷ ነው የሚያየው። አውራውን ለማታለል የሚያቆማት የፕላስቲክ ሴት ተርኪም መንገዷ አፋፍ ላይ ቆማለች። ጠየቅኩት፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ የእንጨት መጥሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። ከአንዲት ትንሽ እንጨት እንደዚያ ያለ የሚያባብል የሴት ድምፅ ሲወጣ ሁልጊዜ ይደንቀኝ ነበር።

ሸሪፉ መለሰለት። ገና ዛፍ ላይ ነበር፤ ድምፁ ሆዴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ሲነጋጋ ክንፉን እያጨበጨበ ሲወርድ ሰማነው፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጸጥ አለ። እግሬ ደንዝዟል፤ አፍንጫዬ ይፈስሳል፤ ልጠርገው አልደፈርኩም። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ መጥሪያዋን መሬት ላይ አስቀመጣት። ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። አውቶቡሴ የሚያልፍበት ሰዓት አልፏል።

ሸሪፉ የመጣው ያኔ ነው። ራሱ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ላባው በፀሐይዋ እንደ ነሐስ እያበራ፣ የክንፎቹን ጫፍ ቅጠሉ ላይ እየጎተተ። ከፕላስቲኳ ፊት ደርሶ ጭራውን ዘረጋ። ወርውሬ በድንጋይ የምመታው ይመስለኛል። አባቴ ፍላጻውን ጅማቱ ላይ ደግኖ ቀስቱን ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል።

ሸሪፉ ዞረ። ጀርባውን ሰጠን። ጭራው ዓይኑን ሸፈነው።

«አባዬ፣ ዞረ» አልኩ በትንፋሼ።

እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ ተጫነኝ። አልሳበም። ወፉ ተመልሶ ዞረ፣ ተንጎራደደ፣ እንደገና ጀርባውን ሰጠ። አሁንም አልሳበም። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው ወፉን እያየው አልነበረም። ከወፉ ባሻገር ቁልቁል ወደ መንገዷ ነው የሚያየው። እንባዬ መጣ። ክረምቱን ሙሉ ያኔ ነው የምትስቢው እያለ ያስተማረኝ ሰው፣ ያችው አፍታ ደጋግማ መጥታለት፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ከዚያ ሸሪፉ አንገቱን ቀሰረ፤ ጭራው ተከደነ። ስለታም ድምፅ አሰምቶ ሮጠና በግንዶቹ መሀል በርሮ ጠፋ። በመንገዷ ላይ ቢጫ ሻርብ ታየ።

አባቴ ቀስቱን ወደ መስኮቱ ያነሣው ያኔ ነው። ወፉ ከሄደ በኋላ። ጸጸት ይዞት መሰለኝ።

እናቴ ቆመች። አንድ እግሯ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ እንደሆነ ቀረ። እኔ ግን መች ልብ አልኩ፤ የድንኳኑን መዝጊያ ቀድጄ ወጣሁና ጮህኩባት። «አበላሸሽው! እዚህ ጋ ነበር! ሁሌ ታበላሺያለሽ!» እያልኩ መሬቱን በእግሬ እደልቅ ነበር። አባቴ ከኋላዬ እየሳቀ ወጣ። ቀስቱ ከነፍላጻው በእጁ ነው።

«እንጉዳይ ተገኘ?» አላት።

እናቴ እኔን ነበር የምታየው። አባቴ ከረጢቷን ከትከሻዋ በእርጋታ፣ ሸክም እንደሚያግዝ ሰው፣ ወሰደና ቅጠሉ ላይ ገለበጠው። የእሑድ ቀሚሷ። የውስጥ ልብስ። የእኔ ሹራብ፣ የእኔ ጫማ። ከሁሉ ሥር ሐምራዊው ካፖርቴ።

«አየሽልኝ ሚጣ?» አለ። «ልብስሽን ለጁዋኒታ የልጅ ልጆች እያመላለሰች ነው። ቤተ ክርስቲያን ያለችሽ ይሄን ነው።»

«ራሞና» አለች እናቴ። ስሜን ብቻ። አንገቷን ደፋች፤ ሌባ ስትያዝ እንዲህ ነው የምትሆነው ብዬ አሰብኩ።

አባቴ ካፖርቱን አራግፎ አለበሰኝ፤ ቁልፎቹን እስከ አገጬ ቆለፈልኝ። ፀሐይዋ ሞቃ ነበር፤ በላብ ተጠመቅኩ። ከዚያ ወደ ቤት ወረድን። እናቴ ከፊት፣ እኔ መሀል፣ አባቴ ቀስቱን ይዞ ከኋላ። እያፏጨ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስልኩ ተቆረጠ፤ ሂሳቡ በዝቶ ነው ተባለ። ጁዋኒታ ቤታችን መምጣት አቆመች። አባቴ ደግሞ የሚያወራው አዲስ ጨዋታ አገኘ። «ግሌንዳ በወረዳው ትልቁን ተርኪ በቢጫ ሻርብ እንዴት እንዳባረረችብኝ» ብሎ ይጀምራል። በኦርቪል ሱቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ፣ በየሰዉ ጓሮ አወራው። እናቴ ሳህን እያነሣች አወራው። የሷን አረማመድ ያስመስላል፤ አንድ እግሩን አንሥቶ እንደ ደነገጠች ዶሮ ይቆማል። ሰው በሳቅ ይሞታል። አንዳንዴ እኔ ነኝ የማወራው፤ «አበላሸሽው» ያልኩበትን ድምፅ ራሴ አሰማቸዋለሁ፣ ሁሉም ያጨበጭብልኛል።

እናቴ የሄደችው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ አባቴ ለእንቅርት ቀዶ ጥገና ሆስፒታል በተኛበት ሳምንት። አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። አልሄድኩም። ዳኛዋ ከማን ጋር መሆን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ ያለምንም ማመንታት ከአባቴ ጋር አልኩ። ባለቀስት ነበርኩ፤ አደን ነበረን፤ ቀልድ ነበረን። ዋሽታ ልብሴን የምታከፋፍል፣ ያየችውን ሁሉ የምታበላሽ ሴት ጋ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ ማሰቤ አይደለም የሚያናድደኝ። እንደዚያ እንዳስብ አድርጎ የሠራኝ ሰው ነው። እናቴን ለዓመታት በበዓል ብቻ ነው ያየኋት፤ ያንን ዘመን ማንም አይመልስልኝም።

ባለፈው መጋቢት ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። የራሴ መሬት አለኝ፤ ትልቅ አይደለም፤ ተርኪ ግን አለበት። ካሜራ ላስር ወጣሁ። ተንበርክኬ ቀበቶውን ከጉልበቴ ዝቅ ብሎ ግንዱ ላይ ጠመጠምኩ፣ ወደ ሰሜን አዞርኩት፣ መስኩን እንዲያይ አስተካከልኩት። ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እጄ ቀበቶው ላይ ቀረ። አጋዘን እንኳ ለማንሣት ያን ያህል ከፍታ አያስፈልግም። ከራሴ በላይ፣ በመንገድ ትይዩ የሚታሰር ካሜራ የሚያነሣው አንድ እንስሳ ብቻ ነው፤ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚሄደውን።

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ካሜራው ለተርኪ አልነበረም አይደል?»

«እኔ አልነግራትም ብዬ ነበር» አለች። «አባትሽ ነው፤ ትውደደው ብዬ ተውኩት።»

ያን ማክሰኞ የመጨረሻው ከረጢት ነበር። ልብሳችን ጁዋኒታ ጋ ተጠራቅሞ አልቋል። ጁዋኒታ በመኪናዋ ወደ ትምህርት ቤቴ ልታመጣት፣ ከክፍል ሊያወጡኝ፣ ከዚያ ቀጥታ ስፕሪንግፊልድ። አክስቴ ሁለት አልጋ ያለበት ክፍል አዘጋጅታ ትጠብቀን ነበር። እናቴ ይህን ሁሉ የነገረችኝ የገበያ ዕቃ እንደምትዘረዝር ሰው ነው። ድምፅዋ የተሰበረው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

«ከድንኳኑ መስኮት ላይ መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን አይደለም» አለችኝ። «የፍላጻውን ጫፍ ነው። ቀጥሎ ያየሁት ያንቺን ባርኔጣ ነው። ትምህርት ቤት ነሽ ብዬ ነበር እኮ።»

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ በኦርቪል ሱቅ ጓሮ የአደን ወቅቱ መክፈቻ እራት ነበር። በየዓመቱ አለ። የተርኪ ደረት በዱቄት እየለወሱ ይጠብሳሉ፣ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ይቀርባል፣ ወንዶቹ የዓመቱን ወሬ ያወራሉ። አባቴ አርጅቷል፤ ቀስት መሳብ ካቆመ ቆይቷል፤ ምላሱ ግን አልደከመም። ኦርቪል ሰማንያ አልፎታል። ቨርል ጥርስ የለውም። አጠገቡ የእህቱ ልጅ፣ ከካንሳስ የመጣና ተርኪ አድኖ የማያውቅ ወጣት ተቀምጧል። አዲስ ጆሮ ስለተገኘ አባቴ ጨዋታውን ጀመረ። ሻርቡ፣ እንጉዳዩ፣ እግሯን አንሥታ መቆሟ። ቆሞ ማስመሰል ስለማይችል በእጁ አስመሰለው። ሳቁ።

«አባዬ» አልኩት። «ወፉ ስንት እርምጃ ላይ ነበር?»

«አሥር አይሞላም!» አለ፣ የማግዘው መስሎት።

«ጀርባውን ሰጥቶህ ነበር?»

«ደጋግሞ ነዋ! አንቺም አልነበርሽ?»

«ታዲያ ለምን አልሳብክም?»

አባቴ ወደ በቆሎ ዳቦው እጁን ሰደደ። የቨርል የእህት ልጅ ሳቅ እያለ «እውነትም፣ ለምን አልሳቡም?» አለ። ከእሱ በቀር ማንም አልጠየቀም። ዞር ብዬ ሁሉንም አየኋቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ተርኪ ሲያድኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሌላ ሰው ይህን ቢያወራ ገና ከአፉ ሳይጨርስ ለምን አልሳብክም ብለው ያፋጥጡታል። ይህን ጨዋታ ሃያ አምስት ዓመት ሰምተውታል፤ አንድም ቀን ጠይቀውት አያውቁም። አሁንም ቨርል ባቄላውን በማንኪያ ያገላብጣል። ሌሎቹ ሳህናቸውን ያያሉ። እኔ ለእናቴ ከደወልኩበት ቀን ጀምሮ አዲስ ምሥጢር ያገኘሁ መስሎኝ፣ ልነግራቸው ነበር የመጣሁት። የምነግረው ሰው አልነበረም።

«እርስዎ ያውቁ ነበር» አልኩት ኦርቪልን።

«ራሞና፣ የኔ ልጅ፣ ስንት ዘመን ያለፈ ነገር ነው።»

«ያውቁ ነበር ወይ?»

ሽማግሌው እጁን በፎጣ ጠረገ። «ካሜራ ያሰረ ሰው ሁሉ ያውቃል» አለ ቀስ ብሎ። «ፎቶዎቹን ያወጣሁት እኔ አይደለሁ? ሁላችንም አውቀናል። ግን በሰው ትዳር አንገባም ብለን ነው።»

«ለመሳቁ ግን ገብታችኋል።»

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ አባቴ። ተቆጥቶ ጉንጩ ቀላ። «አንድ ቀን በጥፊ መትቻት አውቃለሁ? አንድ ቀን! ቃል እንኳ አልተናገርኳትም። እየሳቅኩ ነው ወደ ቤቷ የመለስኳት።»

«ፍላጻ ደግነህ ነው የመለስካት። እኔን አጠገብህ አስቀምጠህ።»

ጠረጴዛውን ብገለብጠው፣ ዘይቱን ላያቸው ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ ነበር። ጃኬቴን ከወንበሩ አንሥቼ ወጣሁ። ፒክአፔ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሣ ተቀመጥኩ። የጓሮው መብራት በርቷል፤ በመኪናዬ መስኮት በኩል ወለል ብለው ይታያሉ። አባቴ እጁን እያወራጨ ሌላ ጨዋታ ጀምሯል። ሰዎቹ ወንበራቸውን ወደ እሱ አስጠግተው ይሰሙታል፤ አጎት ኦርቪልም ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ይሞላለታል።